አጥንት፣ ማግኔትና የሯጭ እግር

በ1968 በሜክሲኮ ከተማ በተካሄደው የኦሎምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ድሉን ማሞ ወልዴ ተረከበውና የማራቶን ወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) ስለ ማሞ ድል ብዙ ተብሏል፤ ይገባዋልም። አበበ ደግሞ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያሸነፈ ሰው ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን እግሩ እምቢ አለው።

የሩጫ ታሪክ ሲጻፍ ሰዓትና ሜዳልያ ይቆጠራል፤ በጉዳት ምክንያት ከመስመር የወጡት ግን አይቆጠሩም። ከነዚህም መካከል ብዙዎቹን ያስቀራቸው ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ነው። ሐኪሞች ይህን አጥንት ለመጠገን ዕረፍትን፣ ጄሶን፣ እሽትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ ኤሌክትሪክን፣ በመጨረሻም ማግኔትን ሞክረዋል። የፊዚክስ መምህር በፋራዴይ ሕግ፣ የባዮሎጂ መምህር በአጥንት ሴል፣ የስፖርት መምህር በሜዳው ላይ ለየብቻቸው የሚያስተምሩት ነገር በአንድ ቅልጥም ላይ የሚገናኝበት ታሪክ ስለሆነ፣ እስቲ ከመነሻው እንመልከተው።

ነገሩ የተጀመረው በሩጫ ሜዳ ሳይሆን በወታደር ሰፈር ነው። በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ የተጓዙ ወታደሮች ወድቀው ወይም ተመትተው ሳይሆን እንዲሁ በእግር በመሄድ ብቻ እግራቸው እንደሚያብጥና እንደሚያማቸው ጻፈ። በዚያን ጊዜ ሕመሙ የጅማትና የሥጋ እንጂ የአጥንት አይመስልም ነበር። አንድ ሰው ሳይወድቅ አጥንቱ ይሰበራል ብሎ ማን ያስባል? ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ራጅን ካገኘ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1897፣ ሽቴኾ የተባለ ሌላ የጦር ሐኪም የእነዚህን ዓይነት ወታደሮች እግር በራጅ አንሥቶ ቢያይ በእግር መዳፍ ረጃጅም አጥንቶች ላይ ስንጥቅ አገኘ። ስለዚህ በአንድ ኀይለኛ ምት ሳይሆን በብዙ ሺህ ትንንሽ ምቶች የሚመጣ ስብራት መኖሩ ታወቀ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የድካም ስብራት እንለዋለን።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ቀጭን ሽቦ ማምጣት ይበቃል። ሽቦውን አንድ ጊዜ ብታጥፈው አይሰበርም፤ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ብታመላልሰው ግን በጣትህ መካከል ይበጠሳል። አጥንት ከሽቦው የሚለየው ራሱን የሚጠግን ሕያው አካል በመሆኑ ነው። በውስጡ ያረጀውን አጥንት የሚቦረቡሩ ሴሎችና በቦታው አዲስ የሚገነቡ ሴሎች አሉ። ጀርመናዊው ዩልዩስ ቮልፍ በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት በሚሸከመው ጭነት መጠንና አቅጣጫ ራሱን እንደሚቀርጽ ገልጿል። ይሁን እንጂ ቦርቧሪዎቹ ሥራቸውን በሳምንታት ሲጨርሱ ገንቢዎቹ ወራት ይፈጅባቸዋል። ልምምዱን በድንገት ያበዛ ሯጭ አጥንቱ የሚደክመው በዚህ መካከል ባለው ጊዜ፣ ፈራርሶ ገና ባልተሠራበት ወቅት ነው። ቤቱ እየታደሰ ሳለ ጣራው ላይ እህል እንደ መጫን ያለ ነው።

ከወታደሮቹ በኋላ ተራው የተወዛዋዦችና የሯጮች ሆነ። እንግሊዛዊው ሐኪም በሮውስ በ1956 በባሌት ተወዛዋዦች ቅልጥም መካከል ላይ የሚደርሰውን ስንጥቅ ሲገልጽ፣ የአገሩ ልጅ ማይክል ዴቫስ ደግሞ በ1958 የሯጮችን የቅልጥም ሕመም መርምሮ፣ በተራ አነጋገር «የቅልጥም ቁስለት» እየተባለ ሲታለፍ የነበረው ሕመም በብዙዎቹ ላይ እውነተኛ ስብራት መሆኑን አሳየ። ከዚያ በፊት ስንቱ ሯጭ «ሩጥበት፣ ይፍታታልሃል» ተብሎ በተሰነጠቀ አጥንት ላይ እንደሮጠ የቆጠረ የለም። ይህ ምክር ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ሜዳ አልፎ አልፎ ይሰማል።

ሕክምናውን በተመለከተ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑሉ ሂው ኦወን ቶማስ ለተጎዳ አጥንትና መገጣጠሚያ ፍጹም፣ ያልተቋረጠና ረጅም ዕረፍት ያስፈልጋል ይል ነበር። ፈረንሳዊው ሉካ ሻምፒዮኒየር ደግሞ በተቃራኒው አጥንት እንቅስቃሴን ይወዳል፤ ሰብሮ ማሰር ብቻ ጡንቻን ያከሳል፣ መገጣጠሚያን ያደርቃል ብሎ ስብራትን በእሽትና በእንቅስቃሴ ስለ ማከም በ1895 መጽሐፍ አወጣ። በስዊድን ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም የመሠረተው የጂምናስቲክ ተቋም የአካል እንቅስቃሴን እንደ ሕክምና አድርጎ ያስተምር ስለነበር፣ ዛሬ ፊዚዮቴራፒ የምንለው ሙያ አንደኛው ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘው ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ሊያስረዱ አልቻሉም፤ አጥንት ጭነትን በምን እንደሚያውቅ አልታወቀምና።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የተሰበረን ክንድ አቅንቶ በቀርከሃ ማሰር በአገራችን የቆየ ሙያ ነው፤ ሙያውም ብዙ ሰው ጠቅሟል። የድካም ስብራት ግን ከቦታው የወጣ ነገር የለውምና የሚቃናም ሆነ የሚመለስ ነገር የለውም። በቅቤ እያሹ በጣት መጫን ስንጥቁን ከማባባስ በቀር አይረዳም።

የኤሌክትሪኩ ነገር የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሉዊጂ ጋልቫኒ በ1791 የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚንፈራገጥ ካሳተመ በኋላ ኤሌክትሪክና ሕይወት አንድ ናቸው የሚል ስሜት በአውሮፓ ተዛመተ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደኑ ሐኪም ጆን በርች አልገጥም ያለን የቅልጥም ስብራት በኤሌክትሪክ ንዝረት ለማከም ሞክሯል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከሐኪም እጅ ወጥቶ በነጋዴ እጅ ወደቀና የኤሌክትሪክ ቀበቶ፣ የማግኔት አምባር፣ የማግኔት ጫማ እየተባለ ለሁሉም በሽታ ይሸጥ ጀመር። በዚህም የተነሣ ስሙ ጠፍቶ ቁም ነገረኛ ሳይንቲስት ሊጠጋው የማይደፍር ሆነ።

ስሙን ያደሱት ሁለት ጃፓናውያን ናቸው። ኢዋኦ ያሱዳ የኪዮቶ የአጥንት ሐኪም፣ ኤይቺ ፉካዳ ደግሞ የፊዚክስ ሰው ነበሩ። ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አግኝተው ነበር። ያሱዳና ፉካዳ የደረቀ አጥንት ቆርጠው ሲጫኑት እንደ ክሪስታሉ ሁሉ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ በ1957 አስታወቁ። በ1962 አሜሪካውያኑ አንድሩ ባሴትና ሮበርት ቤከር ተመሳሳይ ግኝት ይዘው ወጡ። ያ የቮልፍ እንቆቅልሽ መልስ ያገኘ መሰለ፤ አጥንት ሲጎብጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ኤሌክትሪኩም ለሴሎቹ «እዚህ ገንቡ» የሚል መልእክት ይሆናል ማለት ነው። በኋላ ሲመረመር እርጥብ በሆነ ሕያው አጥንት ውስጥ ከክሪስታሉ ይልቅ በቀጫጭን ቦዮች የሚፈሰው ጨዋማ ፈሳሽ የሚፈጥረው ቮልቴጅ እንደሚበልጥ ታወቀ። ሴሎቹም ኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን የፈሳሹን ግፊት ራሱን እንደሚያስተውሉ ዛሬ እናውቃለን። የመጀመሪያው ማብራሪያ ሙሉ ባይሆንም ሥራውን ግን አስጀመረ።

በ1971 በፊላደልፊያ ፍሪደንበርግ፣ ሃርሎውና ብራይተን አልገጥም ያለን የቁርጭምጭሚት አጥንት ስብራት በቀጥተኛ ጅረት እንደገጠመ ጻፉ። ይህ ዘዴ ግን ሽቦ ወደ አጥንት ማስገባት ይጠይቃል፤ ሽቦ የገባበት ቦታ ደግሞ ሊመረቅዝ ይችላል። ቆዳ ሳይቀደድ ኤሌክትሪክን ወደ አጥንት እንዴት ማድረስ ይቻላል?

መልሱ በማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኝ ነበር። ኤርስቴድ በ1820 ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አየ። ፋራዴይ በ1831 የተገላቢጦሹን አገኘ፤ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ጅረት ይፈጥራል። ቤተ ሙከራ ያለው መምህር የተጠቀለለ ሽቦ፣ ጋልቫኖሜትርና አንድ ዘንግ ማግኔት ይዞ ያሳየው። ማግኔቱ በጥቅሉ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ መርፌው ይወዛወዛል፤ ማግኔቱን በጥቅሉ ውስጥ አስቀምጦ ቢተወው መርፌው ዜሮ ላይ ይተኛል። የማግኔት አምባርና የማግኔት ጫማ ሻጩን ለመጠየቅ ይህ ሙከራ ይበቃል።

ባሴት በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከፓውሉክና ከፒላ ጋር ሆኖ ይህንኑ ሐሳብ ሥራ ላይ አዋለው። በተሰበረው እግር ግራና ቀኝ የሽቦ ጥቅል ይታሰራል፤ በጥቅሉ ውስጥ በሰኮንድ ብዙ ጊዜ የሚቆራረጥ ጅረት ይለቀቃል፤ ይህ የሚፈጥረው የማግኔት መስክ ቆዳውንና ሥጋውን፣ ጄሶውንም ጭምር አልፎ በአጥንቱ ውስጥ በሴንቲሜትር አንድ ሚሊቮልት ያህል ቮልቴጅ ያሳድራል። መስኩ አንድ ሁለት ሚሊቴስላ ያህል ሲሆን በሽተኛው ሙቀትም ሆነ ንዝረት አይሰማውም። በ1974 በውሾች ትንሹ የቅልጥም አጥንት ላይ ያገኙትን ውጤት በሳይንስ መጽሔት አወጡ፤ ከዚያም ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አልገጥም ያለ የቅልጥም ስብራት የነበረባቸውን ሰዎች ማከም ጀመሩ። በሽተኛው መሣሪያውን በቀን ከ10 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊት ተኝቶ ሳለ ያስረዋል። ባሴትና ጓደኞቹ ከበሽተኞቻቸው የሚበዙት እንደዳኑ በመጻፋቸው፣ በ1979 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሣሪያው አልገጥም ላለ ስብራት እንዲውል ፈቀደ። እግሩ ሊቆረጥ የነበረ ሰው ቆሞ ሲሄድ ማየት ቀላል ነገር አልነበረምና ዝናው በፍጥነት ተዛመተ። ብዙ ሳይቆይም የድካም ስብራት ያለባቸው ስፖርተኞች ለመሣሪያው ይሰለፉ ጀመር።

ከዚህ በኋላ የሆነው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከግኝቱ ይልቅ ትምህርት የሚገኝበት ክፍል ነው።

በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ አንቶኒ ባርከርና የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ጥያቄ አነሡ። ማግኔቱን የታሰረለት በሽተኛ እኮ ከማግኔቱ ጋር ጄሶ ይደረግለታል፤ በተሰበረው እግር እንዳይቆምም ይታዘዛል። እንግዲያው የዳነው በማግኔቱ ነው ወይስ በዕረፍቱ? ይህን ለመለየት ከአንድ ዓመት ላላነሰ ጊዜ አልገጥም ያለ የቅልጥም ስብራት ያለባቸውን 16 ሰዎች መርጠው ለሁሉም ጄሶ አደረጉላቸው፤ እግራቸውን እንዳይጭኑበትም አዘዟቸው። ለ9ኙ የሚሠራ መሣሪያ፣ ለ7ቱ ደግሞ በመልኩ ፍጹም አንድ የሆነ፣ ነገር ግን መስክ የማይፈጥር መሣሪያ ሰጧቸው። በሽተኛውም ሐኪሙም የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። በ1984 ውጤቱ ሲገለጽ ከ9ኙ 5ቱ፣ ከ7ቱም 5ቱ ገጥሞላቸው ተገኘ። ማግኔት የሌለው መሣሪያ ከማግኔታሙ አላነሰም! ሰዎቹ ለዓመት ያህል ሲሠቃዩ ቆይተው የዳኑት፣ ቢያንስ በከፊል፣ በመጨረሻ በሚገባ ስላረፉ ይመስላል።

የ16 ሰው ጥናት ግን ትንሽ ነው፤ ነገሩ በዚህ አልተቋጨም። በ1990 ሻራርድ የተባለ ሐኪም ስብራታቸው መግጠም ከዘገየባቸው 45 ሰዎች ጋር ተመሳሳይ ሙከራ አካሂዶ ሌላ ውጤት አገኘ። ማግኔቱን ካገኙት 20 ሰዎች 5ቱ ገጥሞላቸው ሌሎች 5ቱ ወደ መግጠም ሲያመሩ፣ ባዶውን መሣሪያ ካገኙት 25 ሰዎች አንዱ ብቻ ገጥሞለት አንዱ ወደ መግጠም አመራ። በ2011 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ገና ትኩስ የቅልጥም ስብራት በደረሰባቸው 259 ሰዎች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት መሣሪያው ዳግመኛ ቀዶ ሕክምናን እንዳልቀነሰ አሳየ። እነዚህን አንድ ላይ ስናያቸው ማግኔቱ መግጠም ለዘገየና ለተኛ ስብራት አንዳች ሊረዳ ይችላል፤ በራሱ ጊዜ ሊድን ለተዘጋጀ ስብራት ግን ብዙ የሚጨምረው ነገር አይታይም ለማለት ያስደፍራል።

ለሯጮች በቀጥታ የሚመለከተው ጥናት በ2008 የታተመው የቤሊንዳ ቤክና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። እዚህ ላይ መሣሪያው የማግኔት ጥቅል ሳይሆን በቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሁለት ሰሌዳዎች የኤሌክትሪክ መስክ የሚያሳድር የቅርብ ዘመዱ ነበር። የቅልጥም የድካም ስብራት ያለባቸው 44 ሰዎች በሁለት ተከፍለው እውነተኛውን ወይም ባዶውን መሣሪያ በቀን 15 ሰዓት እንዲያስሩ ተደረገ። በጠቅላላው ሲታይ በሁለቱ ወገኖች የመዳን ጊዜ መካከል ልዩነት አልተገኘም። በዝርዝር ሲታይ ግን መሣሪያውን በታዘዘው መሠረት አዘውትረው ያሰሩት ቶሎ ድነዋል፤ የዕረፍት ትእዛዝ ጥሰው እግራቸውን የጫኑበት ደግሞ ዘግይተዋል። መሣሪያ አስሮ መሮጥ አይቻልም ማለት ነው። ሯጭ ግን መሣሪያ ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ታስሮ ይሮጣል ወይ?» ብሎ ነው።

ፊዚዮቴራፒ የሚገባው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ ባለሙያው የቶማስንና የሻምፒዮኒየርን ክርክር በጊዜ ከፋፍሎ አስታርቆታል። በመጀመሪያ ሕመም የሚፈጥረው ጭነት ይቆማል፤ ለመራመድ የሚያመው ክራንች ይይዛል። ነገር ግን ሌላው አካል ሥራ አይፈታም። በገንዳ ውኃ ውስጥ መሮጥ፣ ብስክሌት መንዳት፣ የዳሌና የሆድ ጡንቻን ማጠንከር ይቀጥላል። ሕመሙ ሲጠፋ በእግር መሄድ፤ ሳያም ፈጥኖ መሄድ ሲቻል የአንድ ደቂቃ ሩጫና የአንድ ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ መጀመር፤ ቀን እያሳለፉ ጥቂት በጥቂት መጨመር። የባት ጡንቻ በተለይ መጠንከር አለበት፤ የደከመ ባት ቅልጥሙን ከመጉበጥ አይጠብቀውምና። ይህ ሁሉ እንደ ስብራቱ ቦታ ከስድስት ሳምንት እስከ ብዙ ወራት ይወስዳል። በቅልጥሙ ፊት ለፊት፣ በጭን አጥንት አንገትና በእግር መዳፍ ላይኛ ክፍል በሚገኙ አንዳንድ አጥንቶች ላይ የሚደርሰው ስንጥቅ በቀላሉ አይድንምና ያለ ሐኪም ውሳኔ የሚሆን አይደለም።

የባርከር ስም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ዳግመኛ ይመጣል። በማግኔቱ አጥንት የማዳን ኀይል ላይ ጥርጣሬ ያሳደረው ይኸው ሰው፣ በ1985 ከጃሊነስና ከፍሪስተን ጋር በሼፊልድ እጅግ ኀይለኛ የማግኔት ምት በራስ ቅል ላይ አሳርፎ የበሽተኛውን እጅ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳየ። የዚህ መሣሪያ መስክ እስከ አንድ ሁለት ቴስላ የሚደርስ ስለሆነ ከአጥንቱ መሣሪያ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ሥራውም ሌላ ነው፤ ነርቭን ይቀሰቅሳል። በዛሬው ጊዜ አንዳንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ተመሳሳይ መሣሪያ በጭን ላይ አኑረው፣ በጄሶ ውስጥ ቆይቶ የከሳ ጡንቻ ያለ ሕመም እንዲኮማተር ያደርጉበታል። ሁለቱም «የማግኔት ሕክምና» ስለሚባሉ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ለአጥንት ሴል በሹክሹክታ የሚናገር፣ ሁለተኛው ነርቭን የሚጮኽበት ነው። በሁለተኛው ጡንቻ መመለሱን ተመልክቶ አጥንቱም ድኗል ብሎ መሮጥ አደገኛ ስሕተት ነው።

ስለ ምግብ ሳላነሣ ባልፍ ጎደሎ ይሆናል። የአሜሪካ ባለሙያዎች በ1992 በሴት ስፖርተኞች ላይ የምግብ ማነስ፣ የወር አበባ መቋረጥና የአጥንት መሳሳት አብረው እንደሚሄዱ አመለከቱ፤ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም በ2014 ጉዳዩ ወንዶችንም እንደሚጨምር አስታወቀ። ቁርስ ሳትበላ ማለዳ 10 ኪሎ ሜትር ሮጣ ወደ ክፍል የምትገባ ተማሪ ቅልጥሟን ሲያማት ማግኔትም ሆነ ጄሶ ብቻውን አይበቃትም። መምህሯ ይህን ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባውም፤ ቢያፍር እንኳ ሴት መምህርት እንድትጠይቃት ማድረግ ይችላል።

ምልክቱን ማወቅም የሐኪም ብቻ ሥራ አይደለም። የጡንቻ ሕመም ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ ሰውነት ሲሞቅም ይቀላል። የድካም ስብራት ግን በአንድ ጣት ሊያመለክቱት በሚቻል ቦታ ላይ ይወጋል፤ በሩጫ ይብሳል፤ ከበረታም በዕረፍት ሰዓትና በሌሊት ጭምር ያማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» የተባለ ልጅ በማግስቱ ለውድድር መሰለፍ የለበትም።

እንግሊዛዊቷ የማራቶን ሯጭ ፖላ ራድክሊፍ በ2008 የጸደይ ወራት የጭን አጥንቷ ላይ የድካም ስብራት ተገኘባት። ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ሳይጎድሏት፣ ኦሎምፒኩ ሊደርስ የቀረው ጊዜ ግን ሦስት ወር ያህል ብቻ ነበር። ነሐሴ ላይ ቤይጂንግ ተሰለፈች፤ ልምምዱ አልደረሰላትምና እያነከሰች 23ኛ ሆና ጨረሰች። አጥንቷ የሚፈልገውን ጊዜ ካገኘ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች።